ከመቆፈራችሁ በፊት፦ በአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ከነባር ሕዝቦች ጋር የመመካከር አሠራር

በኦክላሆማ፣ ፎርት ሲል በሚባለው የጦር ሰፈር ግቢ ውስጥ ሜዲስን ብላፍ የሚሉት ገደል አለ። ለኮማንቺ ሕዝብ ቅዱስ ስፍራ ነው። ጦሩ ከዚህ ገደል ግርጌ ለሥልጠና ዕቃዎች የሚሆን መጋዘን ሊሠራ ተነሣ። ስለ ግንባታውም ለነገዱ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ኮማንቺዎች ግን በ2008 ፍርድ ቤት ሄዱ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ የፌዴራሉ ዳኛም ግንባታውን አገደው። የተደረገው ምክክር ሕጉ የሚጠይቀውን አያሟላም አለ።

እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በተንኮል አይደለም። ፕላኑ ተስሎ፣ በጀቱ ተይዞ፣ ኮንትራክተሩ ተመርጦ ካለቀ በኋላ «እስቲ ነገዱንም እንጠይቅ» ይባላል። ያኔ በወረቀት ላይ የሚፈለገው ፊርማ ብቻ ነው። ሰዎቹም ይህን ወዲያው ያውቁታል። ስለዚህ ከታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመለሳሉ፦ ቀድማችሁ ሂዱ።

ይህን የጻፍኩት በአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ውስጥ በአካባቢ ጥበቃ፣ በምህንድስና፣ በግንባታ ወይም በአማካሪ ድርጅት ለሚሠሩ ነው። ደንብ ልብስ የለበሱም ይጠቅማቸዋል። መከላከያው ወደ 10 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት ይዟል። ብዙው ለአሥርት ዓመታት ታጥሮ ስለኖረና ከተማ ስላልተስፋፋበት፣ ውጭ የጠፋ ቅርስ እዚያ ተርፎ ይገኛል። በካሊፎርኒያ በረሃ፣ በቻይና ሌክ የባሕር ኃይል ግቢ ውስጥ ያሉት በድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ የኮሶ ሥዕሎች ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። ቦታው ገና በ1964 ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ተብሎ ተሰይሟል።

1. ሕጎቹን በስማቸው እወቁ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የሕግ ክፍሉ ዝርዝሩን ይነግራችኋል። ከእጃችሁ የማይጠፉት እነዚህ ናቸው። በ1966 የወጣው የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ አለ፤ አንቀጽ 106 የሚባለው የሚመነጨው ከዚህ ነው። ማንኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሥራው በታሪካዊ ቦታ ላይ ምን እንደሚያደርስ አስቀድሞ እንዲያይ፣ ነገዶችንም እንዲያማክር ያዛል። የ1979ኙ የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ያለ ፈቃድ መቆፈርንና ቅርስ መውሰድን ወንጀል ያደርጋል። ናግፕራ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የ1990ው ሕግ ስለ አጽም፣ ስለ መቃብር ዕቃና ስለ ንዋያተ ቅድሳት ነው። በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ያወጡት ትእዛዝ ደግሞ በፌዴራል መሬት ላይ ያሉ ቅዱስ ስፍራዎችን ይመለከታል። መከላከያው የራሱን የነገዶች ፖሊሲ በ1998 አውጥቷል፤ በ2006 ደግሞ የአፈጻጸም መመሪያ ጨምሮበታል። መመሪያዎች ይሻሻላሉ፤ ከኮምፒውተራችሁ የቆየ ቅጂ አውጥታችሁ አትሥሩ።

2. ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ ለዩ

በፌዴራል ደረጃ ዕውቅና ያገኙት ነገዶች ከ570 በላይ ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ መንግሥት አለው። የነገዱን ሊቀመንበር ቁጭ ብሎ የሚያነጋግረው ሰው የጦር ሰፈሩ አዛዥ ነው። የአማካሪ ድርጅት ባለሙያ መረጃ ሊያሰባስብ፣ ካርታ ሊያዘጋጅ፣ ቀጠሮ ሊያመቻች ይችላል። መንግሥትን ወክሎ መመካከር ግን የሱ ሥራ አይደለም። ኮንትራክተር ከሆናችሁ ይህን መጀመሪያ ቀን ላይ ለአሠሪያችሁ ንገሩት። ሊቀመንበሩ መጥቶ ከፊቱ ያገኘው ከኮሌጅ የወጣ ጀማሪ አርኪዮሎጂስት ብቻ ከሆነ፣ ስብሰባው ሳይጀመር አልቋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የትኛው ነገድ የሚለው ነው። ጎረቤት ያለውን ብቻ መጥራት የተለመደ ስህተት ነው። በ1830 የወጣው የማፈናቀያ ሕግ ቸሮኪን፣ ቾክታውን፣ ቺካሶን፣ መስኮጊንና ሴሚኖልን ከደቡብ ምሥራቅ ነቅሎ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር ሰደዳቸው። ስለዚህ ጆርጂያና አላባማ ላይ ያለ የጦር ሰፈር ስለ መሬቱ መጠየቅ ያለበት ብዙ ጊዜ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው የሚኖሩ ሰዎችን ነው። ፎርት ቤኒንግ ግቢ ውስጥ የዩቺ ሕዝብ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ አለ። የዩቺ ልጆች ግን ዛሬ በብዛት ያሉት ኦክላሆማ ነው።

ለመነሻ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤቱ በኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠው የነገዶች ማውጫ አለ፤ ካውንቲውን ስታስገቡ ፍላጎት ያላቸውን ነገዶች ያወጣላችኋል። የድሮ የውል ካርታዎችንም ተመልከቱ። ከዚያ ለመጀመሪያው ሰው ስትደውሉ «ከናንተ ሌላ ማንን እንጠይቅ?» በሉ። ከማውጫው በላይ የሚጠቅመው ይኸኛው ነው።

ዕውቅና ያላገኙ ማኅበረሰቦችስ? ሕጉ የሚሰጣቸው ደረጃ የተለየ ነው፤ መንግሥት ለመንግሥት የሚባለው ግንኙነት ለነሱ አይሠራም። ግን ጉዳዩ የሚመለከታቸው ተብለው በምክክሩ ሊካተቱ ይችላሉ። ቻይና ሌክ ላይ የባሕር ኃይሉ በ1979 ወደ ኮሶ ፍል ውኃ ስለ መግባት ሲስማማ፣ ከኦወንስ ሸለቆ ፓይዩትና ሾሾኒዎች ጎን የከርን ሸለቆ ማኅበረሰብም ነበረበት። ይህ ማኅበረሰብ የፌዴራል ዕውቅና አልነበረውም። ሐዋይ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የሚማከሩት የሐዋይ ተወላጆች ድርጅቶች ናቸው፤ መመሪያውም የተለየ ነው።

3. ታሪኩን ሳታነቡ አትደውሉ

ይህን እርምጃ ብዙዎች ይዘሉታል። እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ስጡት እላለሁ። ምክንያቱም ከፊታችሁ የሚቀመጠው ሰው ያነበበው ከአያቱ ነው።

ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ካምፕ ሉዊስ ሲቋቋም፣ በ1917 ገደማ፣ የኒስኳሊ ነገድ ከሪዘርቬሽኑ (ለነገዱ ተከልሎ ከተያዘው መሬት) ሁለት ሦስተኛውን ያህል ተነጠቀ። ሰፈሩ ዛሬም እዚያው ነው፤ ነገዱም እዚያው ነው። በ1942 ደግሞ በደቡብ ዳኮታ ከፓይን ሪጅ ሪዘርቬሽን ከ340 ሺህ ኤከር በላይ ለቦምብ መለማመጃ ተወሰደ፤ ቤተሰቦች በአጭር ጊዜ ውስጥ ውጡ ተባሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ «የመሬት አጠቃቀም ማሻሻያ» ብሎ ንግግር መጀመር ምን እንደሚመስል አስቡት።

የካሆኦላዌ ታሪክ ደግሞ እስከ መጨረሻው ሊነበብ ይገባዋል። ይህች የሐዋይ ደሴት ከፐርል ሃርበር ጥቃት በኋላ፣ ከ1941 ጀምሮ፣ የቦምብ መለማመጃ ሆነች። በ1976 የሐዋይ ተወላጆች በጀልባ ገብተው ተቃውሞ ጀመሩ፤ በዚያው ዓመትም ክስ መሠረቱ። በቀጣዩ ዓመት ጆርጅ ሄልምና ኪሞ ሚቼል የተባሉ ሁለት ወጣቶች ከደሴቲቱ አቅራቢያ ባሕር ላይ ጠፉ። በ1980 በፍርድ ቤት በኩል ስምምነት ተደረሰ፤ የባሕር ኃይሉ የቅርስ ጥናት እንዲያደርግ፣ ተወላጆቹም ለሥርዓታቸው እንዲገቡ ተፈቀደ። በ1981 ደሴቲቱ በሙሉ በብሔራዊ የታሪክ ቦታዎች መዝገብ ሰፈረች። ቦምቡ የቆመው ግን በ1990 ነው። ከዚያ በኋላ ለጽዳት ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። ያልፈነዳው ተተኳሽ ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አልጸዳም። ቀድሞ አለመነጋገር ስንት ያስወጣል የሚል አዛዥ ካጋጠማችሁ ይህን ቁጥር አስታውሱት። አንዳንድ አዛዥ ከታሪክ ይልቅ በዶላር ቶሎ ይገባዋል።

የሰፈራችሁን ታሪክ በሁለት ገጽ ጻፉና አዛዡ ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት እንዲያነበው አድርጉ። መሬቱ መቼ፣ ከማን፣ እንዴት ተወሰደ? የትኛው ውል ነበረ? ከዚህ በፊት ምን ቃል ተገባ፣ ምን ፈረሰ?

4. ፕሮጀክት ሳይኖር ተዋወቁ

የመጀመሪያው ስብሰባ አጀንዳ መጋዘን ወይም መንገድ መሆን የለበትም። አዛዡ ራሱ ይሂድ፤ ወደ ነገዱ ጽሕፈት ቤት። ስለ ሰፈሩ ምን እንደሚያሳስባቸው ይጠይቅ። ከዚያ የአሠራር ጉዳይ ይነሣ፦ ደብዳቤ ለማን ይላክ? በኢሜይል ነው በፖስታ? ምን ዓይነት ሥራ ሲኖር ማወቅ ይፈልጋሉ፣ ምን ዓይነቱ አያሳስባቸውም? አንዳንድ ነገድ አስፋልት ለተሠራበት ቦታ ጥገና ደብዳቤ አይላክልን ይላል። ይህን መስማማት ለሁለቱም ወገን ትልቅ እፎይታ ነው።

የነገዱ የቅርስ ጥበቃ ቢሮ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። የሚጽፍለት ደግሞ የናንተ ሰፈር ብቻ አይደለም፤ የመንገድ መሥሪያ ቤቱም፣ የደን አገልግሎቱም፣ የስልክ ማማ የሚተክለውም ሁሉ ይጽፍለታል። የሥርዓት ወቅት አለ፣ የአደን ወቅት አለ፣ የምክር ቤት ምርጫ አለ። ቀን መቁጠሪያቸውን ጠይቁና ከናንተው ጎን ስቀሉት።

5. ደብዳቤው

ደብዳቤ አይቀርም፤ ግን የሚሠራው ከላይ ያለው ሁሉ ከቀደመው ነው። አዛዡ ይፈርምበት። ምን ሊሠራ እንደታሰበ፣ የት፣ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚቆፈር በግልጽ ይጻፍ። ካርታው ላይ የፕሮጀክቱ ቦታ ብቻ ሳይሆን አካባቢው ይታይ። በቅርብ የሚታወቅ ቅዱስ ቦታ ካለ ስሙ ይጠራ፤ በዝምታ አይታለፍ። ከሁሉ በላይ ገና ያልተወሰነውን ንገሩ። «ሦስት አማራጭ ቦታዎች አሉን» የሚል ደብዳቤ መልስ ያገኛል። «ቦታው ተመርጧል» የሚለው ጠበቃ ያመጣል።

ከዚያ ደውሉ። ካልተገኙ መልሳችሁ ደውሉ። በአንቀጽ 106 አሠራር አንድ መሥሪያ ቤት የደረሰበትን ግኝት ሲያሳውቅ 30 ቀን የሚባል የመልስ ጊዜ አለ። ይህን ሰዓት እንደ ወጥመድ አትጠቀሙበት። በ1995 የሳንዲያ ፑዌብሎ ነገድ ከደን አገልግሎቱ ጋር በተከራከረበት ጉዳይ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን በደንብ አይቶታል። መሥሪያ ቤቱ ዝርዝር መረጃ ስጡን የሚል ደብዳቤ በትኖ፣ በቂ መልስ ሲያጣ «ምንም የለም» ብሎ ደመደመ። ፍርድ ቤቱ ግን እዚያ የሚከናወን ሥርዓት እንዳለ የሚጠቁም ነገር በእጁ እያለ በዚህ ማቆሙ አይበቃም አለ። ዝምታ እሺታ አይደለም።

ገንዘብን በተመለከተ፦ አስተያየት ለመጠየቅ የመክፈል ግዴታ የለም። ነገር ግን የነገዱን ሰው ቦታውን አጥናልን፣ ከቁፋሮ ቡድኑ ጋር ዋል፣ ሪፖርት ጻፍ ካላችሁት እንደ ማንኛውም ባለሙያ ይከፈለው።

6. ሽማግሌዎቹን ወደ ሜዳው ስትወስዱ

ትንንሽ ነገር የምታበላሸው እዚህ ነው። ስማቸውን ቀድማችሁ ለበሩ ጥበቃ ስጡ። የነገድ መታወቂያ እንደሚይዙ ለወታደሩ ንገሩት። የ80 ዓመት እናት በር ላይ ፀሐይ ላይ ሲጠብቁ፣ ያ ቀን ለዓመታት ይወራል። የተኩስ ሜዳ ተቆጣጣሪዎቹ ያንን ሰዓት ነፃ ያድርጉት፤ ያልፈነዳ ተተኳሽ ባለበት ፈንጂ አምካኝ አብሮ ይሂድ። ውኃ፣ ወንበር፣ ጥላ፣ ሽንት ቤት፣ እስከ ቦታው የሚጠጋ መኪና አዘጋጁ።

ፎቶ ሳትጠይቁ አታንሡ። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ካሜራ ይዞ ሊመጣ ይፈልጋል፤ አስቀሩት። ጸሎት ወይም ሥርዓት ካለ ራቅ በሉ፤ ኑ ካልተባላችሁ አትጠጉ። ምግብና ስጦታ ላይ የመንግሥት ገንዘብ ደንብ ጥብቅ ነው። ስለዚህ ምን እንደሚፈቀድ ከሳምንታት በፊት ከሰፈሩ የሕግ መኮንን ጋር ጨርሱ። እንግዳ ጠርቶ ቡና እንኳ ሳያቀርቡ መሸኘት ለኛ ሰው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ከኪስ አዋጥቶ የሚያቀርብም አይታጣም። እሱንም ጠይቃችሁ አድርጉት።

7. የማይነገረውን አታስነግሩ

መሐንዲስ ይህ ያናድደዋል። «ቦታው ቅዱስ ከሆነ ለምን እንደሆነ አይነግሩኝም? ወሰኑስ የት ነው?» ይላል። ለኛ አንባቢ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ታቦት መንበሩ ላይ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ልየው፣ ልለካው የሚል የለም። ካህኑም አይገልጠውም። ከመቅደላ የተወሰዱት ታቦታት የብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ እንኳ ለሕዝብ አይታዩም። የአንዳንድ ነገድ ቅዱስ ቦታም እንዲሁ ነው። ማወቅ የሚገባው ሰው አለ፤ ሌላው ግን አክብሮ ያልፋል።

በሥራ ላይ ይህ ሲተረጎም፦ ምክንያቱን ትታችሁ ስፋቱን ጠይቁ። «ከዚህ ጉብታ ምን ያህል እንራቅ?» በቂ ጥያቄ ነው። ካርታው ላይ ከትክክለኛው ቦታ ሰፋ ያለ ክልል አጥሩ። በወታደሩ የሥልጠና ካርታ ላይ «መቃብር» ብላችሁ አትጻፉ፤ «የተከለከለ ክልል» ይበቃል። «መቃብር» የሚል ካርታ ቅርስ ዘራፊ ይጠቀምበታል።

የ1966ቱም የ1979ኙም ሕግ የቦታ መረጃ እንዳይወጣ የሚከለክል ክፍል አላቸው፤ ግን ጥበቃው ወሰን አለው። የታሪክ ቦታዎች መዝገብን መስፈርት የማያሟላ ቦታ ላይ ላይሠራ ይችላል። በመንግሥት ፋይል ውስጥ የገባ ነገር በመረጃ ነፃነት ሕግ ሊጠየቅ እንደሚችል ለሽማግሌዎቹ ሳይናገሩ በፊት በግልጽ ንገሯቸው። ቃላችሁን ከሕጉ በላይ አታስረዝሙት።

8. ስምምነቱን ጻፉት

ከሁሉ የሚሻለው ቦታውን መተውና ሥራውን ማዛወር ነው። ካልሆነ ጉዳቱን መቀነስ፤ እሱም ካልሆነ ማካካስ። ጉዳት የሚደርስ ከሆነ በፌዴራል ደረጃ ያለው የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ አማካሪ ምክር ቤትም እንዲያውቅ ይደረጋል። የስምምነት ሰነዱን ከነገዱ ጋር አብራችሁ አርቅቁ እንጂ አልቆ የመጣ ወረቀት አታቅርቡ።

የነገዱ ሰዎች ወደ ሰፈሩ መግባት ደግሞ ራሱን የቻለ ስምምነት ይገባዋል። ዋሽንግተን ውስጥ በያኪማ ማሠልጠኛ የያካማና የዋናፑም ሰዎች በየወቅቱ ሥራ ሥር ለመልቀም ይገባሉ። በሐዋይ ኦዋሁ ደሴት ወደ ማኩዋ ሸለቆ የመግባት መብት የተከበረው በ2001 በፍርድ ቤት በተደረገ ስምምነት ነው። በስምምነቱ ውስጥ ቀኑን፣ የሰው ብዛቱን፣ የሚደወልበትን ስልክ፣ ተኩስ ካለ ምን እንደሚሆን ጻፉ። «በተቻለ መጠን» የሚለውን ሐረግ አውጡት። ተክል የሚለቀምበት ሳምንት በተፈጥሮ የተወሰነ ነው፤ ልምምዱ ግን ሊገፋ ይችላል።

9. አጽም ከተገኘ

ይህ ሳይሆን በፊት ዕቅዱ ተጽፎ በኮንትራቱ ውስጥ መግባት አለበት። ኤክስካቫተር የሚነዳው ሰው ራሱ እንዲያውቀው አድርጉ፤ መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነውና። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

ማሽኑን አቁሙ። አጽሙን አታንሡ፣ አታጽዱ። በቀስታ ሸፍኑትና ጠባቂ አቁሙ። ለሰፈሩ ፖሊስና ለቅርስ ባለሙያው ወዲያው ደውሉ፤ የቅርብ ጊዜ ወንጀል አለመሆኑ መጀመሪያ መጣራት አለበት። ማንም በስልኩ ፎቶ አንሥቶ እንዳይለጥፍ። የጥንት ከሆነ ነገዶቹ በዚያው ቀን ይደወልላቸው፤ በጽሑፍም ይከተል። በናግፕራ መሠረት ማስታወቂያው መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ እስከ 30 ቀን ድረስ በዚያ ቦታ ሥራ አይቀጥልም። የሥራ መርሐ ግብራችሁ ላይ ይህን ጊዜ አስቀድማችሁ ያዙ። ምን ይደረግ የሚለውን ነገዱ ይናገር። ብዙዎቹ የሚመርጡት እዚያው እንዲተው ነው።

የድሮ ሣጥኖችንም አትርሱ። ከ1960ዎቹና 70ዎቹ ቁፋሮ የወጡ የሰፈሩ ዕቃዎች በአንድ ዩኒቨርሲቲ ምድር ቤት ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ከጥር 2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የናግፕራ ደንብ፣ እንዲህ ያሉትን ለማሳየትም ሆነ ለማጥናት የነገዱን ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። የጦሩ መሐንዲሶች ክፍል በሴንት ሉዊስ በዚህ የተካነ ማዕከል አለው። በ2009 የጀመረው ፕሮግራሙ ደግሞ የቀድሞ ወታደሮችን ቀጥሮ የቅርስ ሣጥኖችን ያስመዘግባል፤ ደስ የሚል ሥራ ነው።

10. ርክክብ

አዛዥ በሁለት ሦስት ዓመት ይቀየራል። የነገዱ ሽማግሌ ግን ተራ በተራ አሥር አዛዥ ሸኝቷል፤ ሁሉም «አዲስ ምዕራፍ» ብለውታል። ስለዚህ ፋይሉን ከሰው ጋር አታያይዙት። ማን ከማን ጋር ተገናኘ፣ ምን ቃል ተገባ፣ ምን ተፈጸመ፣ ምን ቀረ፣ የስምምነቶቹ ማብቂያ ቀን መቼ ነው? ይህ ሁሉ በአንድ አቃፊ ይቀመጥ። የመሬት ኪራይ ውል ካለ ማብቂያው ጉልህ ሆኖ ይጻፍ። ሐዋይ ላይ የፖሃኩሎአ ማሠልጠኛ በ1964 ለ65 ዓመት በ1 ዶላር የተከራየው የግዛቱ መሬት ውሉ በ2029 ያበቃል። የውል ማብቂያ ሲቀርብ የሚጀመር ወዳጅነት ማንንም አያታልልም።

ወጪው አዛዥ ገቢውን ይዞ ወደ ነገዱ ጽሕፈት ቤት ይሂድና ያስተዋውቀው። በእያንዳንዱ ጉዳይ የመጨረሻ ውሳኔው ምን እንደሆነ፣ ነገዱ ካለው የቱ እንደገባና የቱ ለምን እንዳልገባ በጽሑፍ መልሱላቸው። ይህን የሚያደርግ ሰፈር ጥቂት ነው። አይጻፍ የተባላችሁት ነገር ካለ ደግሞ ለተተኪያችሁ «ከመቆፈርህ በፊት እነሱን ጠይቅ» ብላችሁ ስልካቸውን ተዉለት፤ አቃፊው ውስጥ አይግባ።